የሣር ሹሙ በጎች

በመንደራችን ሹመት የሚመኝ ሰው ሞልቷል። የሣር ሹምነት ግን ባሱ ለሚባል ሰው ተለክቶ የተሰፋ ካባ ነበር፤ ሌላው ሲሞክረው ወይ ይጠበዋል ወይ ይሰፋዋል። በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ ሽማግሌዎቹ ከጋራው መስክ ግንብ ሥር ይሰበሰቡና ሻይ በናና ይጠጣሉ፣ እንደ አዲስ ነገር ሲከራከሩ ይውላሉ፣ መጨረሻ ላይ ያንኑ ባሱን ይመርጣሉ። ከዚያ አንዱ ጎንበስ ብሎ ጭብጥ ሣር ይነጭና ጥምጥሙ ላይ ይሰካለታል፤ ዓመቱ ይለምልም ማለት ነው። «ሹመት ያዳብር!» ይሉታል። ባሱም ሣሩ እንዳይወድቅበት አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ እንስራ እንደተሸከመች ሴት ቀስ እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የሚጠብቀው አግዳሉን ነው፦ ከመንደሩ በላይ ያለውን፣ በድንጋይ ግንብ የታጠረውን የጋራ መስክ። በረዶው ከቀለጠ ጀምሮ ገብስ እስኪታጨድ ድረስ አንዲት ፍየል እንኳ አትረግጠውም። ሣሩ አድጎ፣ አብቦ፣ ዘሩን ሲያራግፍ የመክፈቻው ቀን ይቆረጣል፣ የመንደሩ መንጋ ሁሉ በአንድ ጠዋት ይገባል። መጀመሪያ የሚገቡት የሹሙ በጎች ናቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ባሱ ከሹመቱ የሚበላው ይህችን ብቻ ነበር። በጎቹ ቀድመው ሲገቡ ቆሞ ያያቸዋል፣ ጢሙን ያሻሻል፣ የዓመቱን ድካም ይረሳል።

ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ግን ከሸለቆው ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ግንብ የዘለለች ፍየል ካየ ባለቤቷን እስከ አያቱ ቆጥሮ ይሰድባል። አንድ ጊዜ የገዛ ቤቱ ላም ገብታ ብትገኝ ሚስቱን ኢዛን በሽማግሌ ፊት አቁሞ ቀጣት። ኢዛ ቅጣቷን ሳትናገር ከፈለች፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ጨው የሌለው ሾርባ አበላችው። ባሱም ሳይናገር በላ፤ ሕግ ሕግ ነው፣ ሾርባም ሾርባ ነው።

እኔ ሚሙን እባላለሁ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ባሱን በቅርብ የማውቀው በጎቹን ስለማመላልስለት ነው። ብርዱ ሲገባ መንጋውን ቆላ ወደ ሴት ልጁ ባል እርሻ አወርደዋለሁ፣ የመክፈቻው ዋዜማ ላይ ደግሞ አወጣዋለሁ። ሌላው የመንደሩ ሰው በጎቹን እዚሁ ተራራው ላይ በድርቆሽ ነው የሚያከርመው፤ ቆላ ዘመድ ያለው ባሱ ብቻ ነው።

እምቧዩ የመጣው ሣሩ ባማረበት ዓመት ነው። ባሱ ከአግዳሉ በር ገባ ብሎ አንዲት ብርማ ቅጠል፣ ሐምራዊ አበባ ያላት፣ ግንዷ በደቃቅ እሾህ የተሞላ ተክል አየ። እምቧይ መሆኗን አወቀ፤ ቆላ ሲወርድ አይቷታል። እዚህ ግን እንግዳ ነበረች።

«ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለና ነቀላት። ሥሯ መሐል ላይ ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። በሁለተኛው ሳምንት አንዷ ሦስት ሆና ጠበቀችው። እንደገና ነቀለ። ሦስቱ ጎረቤት ጠርተው መጡ።

ባሱ ትዕግሥት ያልፈጠረበት ሰው ነው። በሚቀጥለው ጸደይ ሁለት በቅሎ ጠምዶ እምቧዩ የያዘውን ቦታ ሁሉ ገለበጠው። ያን ቀን ላቡን እየጠረገ «አሁን ተገናኘን!» ሲል ሰምቼዋለሁ። አዎ፣ ተገናኙ። የዚያ ተክል ሥር ከሰው ቁመት በላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ማረሻ የቆረጠው እያንዳንዱ ጣት የምታህል ቁራጭ ራሱን የቻለ እምቧይ ይሆናል። ከወር በኋላ የታረሰው ቦታ በሙሉ ብርማ ሆኖ በነፋስ ይወዛወዝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር፣ በግ የሌለው ሰው ቢያየው።

የአጎቱ ልጅ ሐዱ ግንቡ ላይ ተደግፎ ተመለከተው። ሐዱ በየዓመቱ የሣር ሹም ለመሆን ሲመኝ በየዓመቱ የሚቀር ሰው ነው፤ ምላሱም በዚያው የተሳለ ነው።

«ባሱ፣ እንዲህ የተዋጣለት የእምቧይ እርሻ አይቼ አላውቅም። ዘሩን ለእኛም አካፍለን እንጂ!»

«ዝም በል አንተ፣ አፍህ ውስጥ እንዳልተክለው!»

«ተክለው፣ ተክለው። አንተ የተከልከው መቼ ይደርቅና!»

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። እምቧይ ባለበት ሣር አይበቅልም፤ ቅጠሉን ከብት አይነካውም። በበሩ አጠገብና በምንጩ ዙሪያ፣ ማለትም ምርጡ ሣር በነበረበት፣ በጎቹ አፍንጫቸውን እየወጋቸው መመለስ ጀመሩ። ያኔ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ዳ ኢድር ሰውን ሰበሰበ፤ ታላቅን ወንድ «ዳ»፣ ሴትን «ላላ» ብለን ነው በአክብሮት የምንጠራው። ዳ ኢድር ሲያረጅ ድምፁ ቀጥኗል፣ ነገሩ ግን አልቀጠነም።

«ልጆቼ፣ ሣር የማይሰጥ መስክ ታጥሮ ቢቀመጥ ለማን ይጠቅማል? እስከሚመጣው ዓመት መክፈቻ እንጠብቅ። እምቧዩ ወደ ኋላ ካላለ፣ አግዳሉን በየቤቱ ተካፍለን ፖም እንተክልበታለን። ከዚያ በኋላ የጋራ የሚባል ነገር የለም።»

ባሱ ሊናገር ተነስቶ መልሶ ተቀመጠ። ያንን ግንብ የገነቡት አባቱና ጓደኞቹ ናቸው፤ አባቱ ድንጋይ ሲያነሳ አንድ ጣቱን እዚያው ቀብሮታል። ባሱ ሕፃን ሳለ «ይሄ ግንብ ጣቴን በልቷል፣ አንተ ደግሞ ዕድሜህን አብላው» እያለ ነው ያሳደገው። ባሱም አብልቶታል። አሁን አግዳሉ በእሱ ሹመት ዘመን ቢፈርስ በየትኛው ፊቱ ከአባቱ መቃብር ደጅ እንደሚያልፍ አያውቅም ነበር። ይህን ለእኔ የነገረኝ ኢዛ ናት፤ እሱማ ቢያርዱት አይናገርም።

መላውን ያመጣችውም ኢዛ ናት፤ እርጎ እየናጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«አንተ እኮ እንደ ጠላት ነው የምትታገለው። እምቧይ ትግል ይወዳል። ያልተጠራ እንግዳ እንዴት ነው የሚባረረው? በዱላ ነው እንዴ? ራት ሲያጣ ነው የሚሄደው።»

«አረም ነው እንጂ እንግዳ ነው እንዴ?»

«ሥሩ ከታች ተቀምጦ ቅጠሉን ምግብ አምጣ ብሎ ይልከዋል። የተላከውን ሁሉ እየቆረጥክ አስቀርበት። አበባ አታሳየው፣ ፍሬ አታሳየው። አታርሰው፣ አትንቀለው። ቁረጠው ብቻ። ሲደክመው ይሄዳል።»

«ስንት ጊዜ ልቁረጠው?»

«እስኪያፍር።»

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ከጸሎት መልስ ደቦ ሆነ። ሴቶቹ ማጭድ፣ ወንዶቹ መኮትኮቻ ይዘው ይወጣሉ፤ እሾሁ እንዳይወጋቸው እጃቸው ላይ የክረምት የሱፍ ካልሲ ያጠልቃሉ። በአንድ ጎን ሴቶቹ እየዘፈኑ ያጭዳሉ፣ በሌላው ጎን ወንዶቹ ወገባቸውን ይዘው ያቃስታሉ። የታጨደው ተከምሮ ይቃጠላል። ሐዱ እንኳ ይመጣ ነበር፤ ሲመጣም «ለአግዳሉ ነው የመጣሁት፣ ለሹሙ አይደለም» ብሎ ያስታውቃል። ማንም አልጠየቀውም።

ደቦው ሠራ። የታረሰው ቦታ ላይ እምቧዩ እያጠረ፣ እየገረጣ ሄደ፣ ሣሩም ከመሐሉ ብቅ ብቅ አለ። ነገር ግን በበሩና በምንጩ ዙሪያ ሌላ ጉድ ነበር። መክፈቻው አልፎ ጥቂት ሲቆይ፣ ከዚህ በፊት ባልነበሩበት ቦታ አዳዲስ ቡቃያዎች ይፈላሉ። ከአሮጌ ሥር የወጡ አይደሉም፤ ቀጭን፣ ከዘር የበቀሉ ሕፃናት ናቸው። ፍሬ ሳያፈራ እየታጨደ ዘሩ ከየት ይመጣል? ባሱ ወፍ ጠረጠረ፣ ነፋስ ጠረጠረ፣ ሐዱን ጠረጠረ። ከሁሉም ይልቅ ሐዱን ጠረጠረ።

የተወሰነው መክፈቻ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ባሱና ኢዛ እኔ ቤት መጡ፤ መንጋውን ከቆላ የማመጣበትን ቀን ልንነጋገር፣ ኢዛም ለልጇ የምትልከውን ቅቤ ልትሰጠኝ። ሻይ ቀድቼ ሳልጨርስ ከጓሮ የባሱ ድምፅ መጣ። ዶሮዎቼ ግድግዳ ላይ ወጡ።

«ሚሙን! አንተ የሰይጣን ሹፌር! ና ውጣ!»

ወጣሁ። ከመኪናዬ ኋላ፣ የበግ በጠጥ እየጠረግሁ የምጥልበት ክምር ላይ፣ እምቧይ እንደ ሰርግ ቤት ደምቆ አብቧል። እውነት ለመናገር አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሹፌር ከመኪናው ኋላ የሚመለከተው ወደ ኋላ ሲነዳ ብቻ ነው።

«እኔ እዚያ ላይ ወገቤን እቆርጣለሁ፣ አንተ እዚህ ታረባለህ! ማን ነው የከፈለህ? ሐዱ ነው?»

«ዳ ባሱ፣ በአላህ እምላለሁ፣ እኔ የምጥለው በጠጥ ነው። ከመኪናው የጠረግሁትን።»

«በጠጥ እምቧይ ይወልዳል እንዴ?»

ያኔ ኢዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ቅቤውን እንደያዘች። ክምሩን አየች፣ መኪናውን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«የማን በግ በጠጥ ነው?»

ሻዩ ይቀዘቅዛል ብዬ ልሸሽ ነበር። ግን ሁለቱም እያዩኝ ነበር።

«ላላ ኢዛ... ከቆላ የማመጣው በግ የእናንተን ብቻ ነው።»

ዶሮዎቹ ከግድግዳው መውረድ ጀመሩ።

«የአማቻችን ቦይ ዳር ምንድን ነው ሞልቶ ያለው?» አለች ኢዛ።

የቦዩ ዳር በእምቧይ እንደተሞላ ባሱም ያውቃል፤ ቆላ በወረደ ቁጥር በጎቹ የደረቀችውን ቢጫ ፍሬ እንደ ከረሜላ ሲለቅሙ ቆሞ ስቆባቸዋል። ለእኔም ራሱ ነግሮኝ ስቀናል።

«አባቴም በጎቹን ቆላ ነበር የሚያከርመው» አለ ባሱ፤ ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ነበር። «አያቴም። ያኔ ለምን አልመጣም?»

«እነሱ በእግራቸው ነበር የሚመጡት» አለች ኢዛ። «እየጋጡ፣ እያደሩ። በጎቹ የቆላውን ፍሬ መንገድ ላይ አራግፈው ነው እዚህ የሚደርሱት። አሁን ግን ጠዋት ቆላ የበሉትን ይዘው ማታ ሚሙን እዚህ ያወርዳቸዋል። በማግስቱ አግዳሉን እንከፍታለን። መጀመሪያ የሚገባው ማን ነው? መጀመሪያ ምንጩ ጋ የሚተኛው የማን መንጋ ነው?»

እኔ በመኪናዬ ፍጥነት የማልኮራበት ቀን አልነበረም። ያን ቀን ግን መሬት ተከፍታ መኪናውንም እኔንም ብትውጠን ደስ ይለኝ ነበር።

ባሱ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠና ጥምጥሙን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት ለዚህ ቀን የተቀመጠ ይመስል ነበር፤ ኢዛም ልትተርትበት አፏን ከፍታ ነበር። ፊቱን ስታይ ግን ተወችው፣ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በሕይወቴ እንዲህ ያሳዘነኝ ሽማግሌ የለም።

«ሰውን ሁሉ ሳስቆርጥ የከረምኩት» አለ፣ «እኔ የዘራሁትን ነው።»

«እዚያው ቆላ ይቆዩ» አልኩ።

«ቦዩ ዳር ከእምቧይ ሌላ ምን ቀርቷል? የስንዴው ቃርሚያም አልቋል። በረሃብ ልጨርሳቸው?»

«እንግዲህ አምጣቸውና ከበሩ ውጭ በረት ውስጥ ይሰንብቱ» አለች ኢዛ፤ «ድርቆሽ እየበሉ፣ ሆዳቸው እስኪጠራ። በረቱ ውስጥ የሚበቅለውን በመኮትኮቻ እንጨርሰዋለን። ሰው ከጠየቀ አሟቸው ነው በል።»

ባሱ ቀና ብሎ አያት። «ውሸት ዋሽቼ ነው ሣር የምጠብቀው?»

መንጋውን አመጣሁ። ባሱ ከአግዳሉ በር አጠገብ ድንጋያማ ቦታ ላይ በረት ሠርቶ፣ ከሐዱ ሳይቀር ድርቆሽ ለምኖ ጠበቀኝ። በጎቹ ከመኪናው ሲወርዱ በለመዱት መንገድ ወደ በሩ ሮጡ፤ በክንዱ መለሳቸው። ትልቁ አውራ በግ ሁለት ጊዜ በቀንዱ ገፋው። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ይለው ነበር ባሱ።

የመክፈቻው ጠዋት የመንደሩ ሰው ከነመንጋው በሩ ላይ ተሰለፈ። አቧራውና ጩኸቱ ሌላ ነው። ዳ ኢድር ከግንቡ ውስጥ የመጀመሪያውን ለምለም ሣር ነጭቶ፣ እንደ ሹመቱ ቀን በባሱ ጥምጥም ላይ ሰካው። ሁሉም የሹሙ በጎች እስኪገቡ ጠበቀ። የሹሙ በጎች ግን በረት ውስጥ ቆመው ደረቅ ድርቆሽ ያላምጡ ነበር።

«ምነው ባሱ?» አለ ሐዱ ከኋላ። «የሣር ሹም በጎች ሣር ጠሉ እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ባሱ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ያ ከሸለቆ ማዶ የሚሰማው ድምፅ ያን ቀን ተራ ድምፅ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው።

«እምቧዩን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «በጎቼ ከቆላ በሆዳቸው ነው የሚያመጡት። ቀድመው እየገቡ ዘሩት። ስለዚህ ሆዳቸው እስኪጠራ አይገቡም። እናንተ ግቡ። አግዳሉን ብትካፈሉትም የምለው የለኝም፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ዘር እንደማይገባ ልታውቁ ይገባል።»

ከዚያ በሩን ከፍቶ ወደ ጎን ቆመ።

ማንም አልገባም። ከሹሙ መንጋ ፊት መግባት ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ተደርጎ አያውቅም፤ ቀድሞ እግሩን የሚያነሳ ሰው ጠፋ። በጎቹ ይጮኻሉ፣ ሰው እርስ በርስ ይተያያል፣ ባሱ «ኧረ ግቡ፣ በአላህ፣ ግቡ» ይላል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዳ ኢድር እንኳ በትሩን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዘዋወረ መላ አጣ።

ያኔ ሐዱ ሰዉን በትከሻው እየገፋ ወጣ። ቀጥ ብሎ ባሱ ዘንድ ሄደ፤ ሊሰድበው ነው ብዬ ነበር። እጁን ዘርግቶ ከባሱ ጥምጥም ላይ ሣሩን መዘዘ፣ ወደ በረቱ ሄደ፣ ለዚያ ለሚዋጋው አውራ በግ በአጥሩ ክፍተት ሰጠው። አውራው በግ በአንድ ጉርሻ አደረገው።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ ሐዱ። «የሹሙ በግ የአግዳሉን የመጀመሪያ ሣር በላ! ልማዱ ደርሷል! አሁን ምን ትጠብቃላችሁ፣ ኩስኩስ እንዲቀርብላችሁ ነው?»

ሰዉ በእልልታና በሳቅ ተጥለቀለቀ፣ መንጋውም ጎረፈ። ባሱ ባዶ ጥምጥሙን እየደባበሰ ቆሞ ቀረ። ሐዱ ሲያልፍ ትከሻውን መታ አድርጎት «ድርቆሼን ግን ትመልሳለህ» አለው።

ሁሉም ከገባ በኋላ ዳ ኢድር በትሩን ተመርኩዞ አግዳሉን ከዳር እስከ ዳር ዞረው። ሲመለስ ስለ ፖም ምንም አላነሳም፤ ውኃ ብቻ ጠየቀ። የባሱ በጎች ሆዳቸው ጠርቶ ከሁሉም ኋላ ገቡ፤ በየዓመቱም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እምቧዩ እየተቆረጠ፣ እየተራበ ሄዶ ዛሬ የቀረው በምንጩ አጠገብ ብርድ ልብስ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ነው። እሱንም ባሱ እየሄደ ይቆርጠዋል። ሲመለስ ጓሮዬን ሳያይ አያልፍም፤ ክምሬን በመኮትኮቻው ይገለብጥና «አንተን አላምንህም» ይለኛል፣ ከዚያ ሻይ ይጠጣል።

ዘንድሮ ባሱ ጉልበቴ ደክሟል ብሎ ሹመቱን አስረከበ። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ተከራክረው፣ ሐዱን መረጡ። የሐዱ በጎች ቆላ የሚባል አገር ረግጠው አያውቁም፤ ከተወለዱ ጀምሮ የበሉት የተራራ ሣርና ድርቆሽ ነው። የመክፈቻው ዋዜማ ግን ሐዱ መንጋውን ከባሱ በረት ጎን ሲያጉር አገኘሁት።

«ዳ ሐዱ፣ የእርስዎ በጎች ምን ሆነው ነው ውጭ የሚያድሩት? እነሱ እኮ ንጹሕ ናቸው።»

በረቱን እያሰረ ቀና ብሎ እንደ ሞኝ ቆጥሮ አየኝ።

«አንተ ደግሞ! የሹም በጎች ቀድመው ሲገቡ የት አይተሃል?»